የሳሎኔ ዳኮታ፦ ለአባባ የተጻፈ ደብዳቤ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው እሁድ በስልክ «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜሽ እንቅልፍ አጥተሽ የምትጫወቺው ጨዋታ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር አጥጋቢ መልስ ሳልሰጥዎት ቀረሁ። በደብዳቤ ለመመለስ የመረጥሁት ነገሩ ረዘም ያለ ማብራሪያ ስለሚፈልግ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ ዕድሜውን ሙሉ አውሮፕላን ሲጠግን ለኖረ ሰው ስለ አውሮፕላን በቃል ማስረዳት ያሳፍረኛል።

ሳሎኔ ጥግ ላይ ባለው ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር፣ የአውሮፕላን መሪና የስሮትል (የሞተሩን ኃይል የሚጨምሩና የሚቀንሱ) ማንሻዎች አሉ፤ ከሥሩ ደግሞ ሁለት ፔዳሎች ተቀምጠዋል። ፕሮግራሙ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ይባላል። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ መሬቱ ጥቂት መስመሮች ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ከሳተላይትና ከአየር ላይ በተነሡ ፎቶግራፎች ስለተሠራ፣ ከቦሌ ተነሥቼ እንጦጦን ከላይ ማየት እችላለሁ። አውሮፕላኖቹም ብዙ ናቸው። አንዱን ብቻ ይዞ ጠንቅቆ ማወቅ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው በተዛወርሁ ቁጥር ነው የምማረው፤ ምክንያቱም አንዱ በትዕግሥት ያስለመደኝን ነገር ሌላው እንደ ጥፋት ይቆጥርብኛል።

የጀመርሁት እንደ ማንኛውም ጀማሪ በሴስና 172 ነው። እዚህ ሜሪላንድ የምለማመድባቸው ማረፊያዎች ከባሕር ወለል ብዙም ስለማይርቁ፣ የቤንዚኑንና የአየሩን ድብልቅ የሚያስተካክለውን ቀዩን የሚክስቸር እንቡጥ እስከ መጨረሻው ገፍቶ መነሣት ልማድ ሆኖብኝ ነበር። ከዚያ አንድ ማታ ናፍቆቱ በርትቶብኝ ቦሌ ሄድሁ። ሞተሩ እየተንገጫገጨ፣ ያን ሁሉ ሜዳ ጨርሶ እንደ ምንም ከመሬት ተላቀቀ፤ ወደ ግራ ዞሬ እንጦጦን ልሻገር ብል ተራራው ከእኔ በላይ ሆኖ ቀረ። ያን ጊዜ ደውዬልዎት ገና ግማሹን ሳልናገር «ሚክስቸሩን ሳብ አድርገሽዋል ወይ?» እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቤንዚኑን ካልቀነሱለት ሞተሩ ይታነቃል። ፕሮግራሙ ይህን ራሱ እንዲያስተካክል ማዘዝ ይቻላል፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በእጄ ነው የማስተካክለው።

ወደ ቦይንግ 737 ስሸጋገር ደግሞ የሴስናው ልማድ ከዳኝ። በሴስና ለማረፍ ስቃረብ ስሮትሉን ዘግቼ፣ ዝቅ ካልሁ መልሼ እከፍታለሁ፤ ሞተሩም ወዲያው ይሰማኛል። የጄት ሞተር ግን አንዴ ሥራ ፈት እስኪሆን ከቀነሱት ጉልበቱን መልሶ እስኪያመጣ ጥቂት ሰከንዶች ስለሚፈጅ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ የተወሰነ ኃይል ይዞ መውረድ ግድ ነው። ቦሌ ላይ ደግሞ አየሩ ስለሳሳ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ያሳያል፤ 140 ኖት እያለኝ፣ ነፋስ በሌለበት ሞቃት ቀን መሬቱ ከሥሬ የሚሸሸው ወደ 160 ኖት በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ለጄት ሲባል ከድሮው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቦሌ መዛወር ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ 3,800 ሜትሩ አስፋልት ሊያልቅብኝ ሲል ነው።

ኤርባስ 320ን ለመውደድ ጊዜ ወስዶብኛል። እንደ መሪ የሚያዘው ዘንግ በካፒቴኑ ወንበር በግራ እጅ በኩል ስለሆነ ለቀኝ እጅ ሰው አይመችም፤ አውሮፕላኑም አፍንጫውን ቀና አድርገው ዘንጉን ሲለቁት በያዘው አቅጣጫ ይቀጥላል፤ ትሪሙን፣ ማለትም አፍንጫው ያለ እጅ ግፊት ባለበት እንዲቆይ የሚያደርገውን መቆጣጠሪያ፣ ራሱ ያስተካክላል። እኔ ደግሞ ትሪም መፈለግ ለምዶብኝ እጄ ባዶ ቦታ ይዳብሳል። አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎት፦ ቦይንግ ላይ አውቶስሮትሉ (የሞተሩን ኃይል በራሱ የሚያስተካክለው) ሲሠራ ማንሻዎቹ አብረው ይንቀሳቀሳሉ፣ ኤርባስ ላይ ግን ባሉበት ይቆማሉ፤ የእኔ የጠረጴዛ ማንሻዎችም ስለማይንቀሳቀሱ፣ እርስዎ ያን ያህል የሚያደንቁት ቦይንግ በሳሎኔ ውስጥ ከኤርባሱ ያነሰ እውነተኛ ነው።

በ1976 ዓ.ም. ግንቦት ወር የኢትዮጵያ አየር መንገዳችን 767 ከዋሽንግተን ደለስ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፍ የመጣበትን ጉዞም በ787 ሞክሬዋለሁ። አብዛኛውን መንገድ ያበረረው አውቶፓይለቱ ነው፤ እኔ ተኝቼ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፕሮግራሙ ውስጥ ዲሲ-3 አለ፤ የእርስዎ ዳኮታ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገው የአየር መንገዳችን የመጀመሪያው በረራ በዚህ ዓይነት አውሮፕላን መሆኑን ከእርስዎ አፍ ሰምቼ ነው ያደግሁት። እስካሁን እንደዚህ ያዋረደኝ አውሮፕላን የለም። መሬት ላይ ሲሆን አፍንጫው ወደ ሰማይ ስለሚያይ ከፊት ያለው አይታይም፤ ግራና ቀኝ እየታጠፉ ነው የሚሄዱት። ክብደቱ ያረፈው ከዋናዎቹ ጎማዎች ኋላ ስለሆነ ደግሞ፣ ጅራቱ ትንሽ ወደ ጎን ካመለጠ ማምለጡ ራሱን እያበረታ ይሄዳል፤ ፔዳሉን ቀድመው ካልረገጡለት አውሮፕላኑ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል። እውነተኛው አብራሪ ይህን በመቀመጫው ያውቀዋል፤ የእኔ ወንበር ግን ምንም ስለማይነግረኝ የማየው ከዘገየሁ በኋላ ነው። አራት ጊዜ ተሽከርክሬያለሁ፤ አንዱ ልደታ ነበረ ብዬ በገመትሁት ሜዳ ላይ ነው፣ ለማንም አይንገሩብኝ።

ሞተሮቹን ማስነሣቱ ግን ከመብረሩ ይልቅ ይማርከኛል። ነዳጁን በፕራይመር መስጠት፣ ፕሮፔለሩ ጥቂት እስኪዞር መቁጠር፣ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ማግኔቶ መክፈት፣ ጭሱ ሲወጣ ሚክስቸሩን መግፋት፤ ከዚያም አሥራ አራቱ ሲሊንደሮች አንድ በአንድ እየነቁ እስኪስማሙ መጠበቅ። ልጅ ሳለሁ ለተለማማጆችዎ «ሞተሩን አታስደንግጡት» ሲሉ የሰማሁት ለስሮትል መሆኑ የገባኝ ገና አሁን፣ በዚህ ዕድሜዬ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እንዲጽፉልኝ እለምንዎታለሁ፤ እጅዎ ከደከመ የእህቴ ልጅ ይጻፍልዎት። የሞተሩ ሱፐርቻርጀር የሳሳውን አየር ቢጨምቀውም፣ አዲስ አበባ ላይ እንደ ባሕር ዳርቻው ሊሞላለት አይችልም ብዬ አስባለሁ። ለመነሣት ስሮትሉ እስከ መጨረሻው ሲከፈት የማኒፎልድ ፕሬሸሩ (ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባው አየር ግፊት) መርፌ የት ላይ ይቆም ነበር? ኮምፒውተሩ የሚያሳየኝን ቁጥር አሁን አልነግርዎትም፤ መጀመሪያ የእርስዎን መስማት እፈልጋለሁ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ