አሲድ ለምን እንደተውን፦ ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ እንደተቀየማችሁን አውቃለሁ። በጠንካራ አሲድ በአንድ ሰዓት ያልቅ የነበረው የሻወር ቤት ጽዳት አሁን ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ዋጋውም ጨምሯል። ድንገት ስለሆነባችሁ ይቅርታ። ውሳኔውን ግን አልቀይረውም፤ እስቲ አንድ ጊዜ ስሙኝ።

የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ። ከተማችን ሲሚንቶ የምታመርተው ዙሪያዋ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ነው፤ የጉድጓድ ውሃችንም በዚያው ድንጋይ ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው። ሲፈላ ወይም በዚህ ሙቀት ሲደርቅ ኖራው ይቀራል። ማንቆርቆሪያ ውስጥና ቧንቧ አፍ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው። አሲድ ጠብ ሲልበት አረፋ ያወጣና ይለቃል።

ችግሩ እምነበረድም ከዚያው ነገር የተሠራ መሆኑ ነው። አሲዱ ቆሻሻውን ከወለሉ አይለይም። እናንተ አረፋውን አይታችሁ «ጸዳልን» ትላላችሁ፣ እኔ ድንጋዩ ሲበላ ይታየኛል። ሲደርቅ ወዙ ይጠፋል፣ በእጅ ሲዳሰስ ይሻክራል፣ የሻከረ ላይ ደግሞ ኖራው ቶሎ ይይዛል። የቧንቧውም ክሮም ይላጣል። ሠራተኞቼስ? መስኮት በሌለው ሻወር ቤት ጭሱን እየሳቡ የሚያስሉት እነሱ ናቸው። በረኪና ከተቀላቀለበትማ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል!

አሁን ቧንቧና ሴራሚክ ላይ በሲትሪክ አሲድ (ሎሚ ውስጥ ባለው ለዘብ ያለ አሲድ) የራሰ ጨርቅ ጠቅልለን እንጠብቃለን፣ ከዚያ በውሃ እናጥባለን። እምነበረድ ላይ ሎሚም አቼቶም አናስነካም፤ በእጅ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነሳው። ጊዜው የሚሄደው እዚያ ላይ ነው። ሲትሪክ አሲዱ ከውጭ ነው የሚገባው፣ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው የት እንደደረሰ ነጋዴ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። የድሮው አሲድ ርካሽ ነበር። ገንዘብ ብቻ ብፈልግ ኖሮ እሱን ይዤ እቀጥል ነበር።

«ስግብግብ ሆነች» መባሌ ግን አሞኛል። አንድ ባልዲና አንድ ሽቦ ይዤ ስጀምር ከዚራና ሳቢያን ላይ በራችሁን የከፈታችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ያንን ወለል እንዴት በእጄ ላበላሸው?

ነባር ደንበኞቻችን እስከ መስቀል በድሮው ዋጋ እንሠራላችኋለን። እስከዚያው ቧንቧውን በተጠቀማችሁ ቁጥር በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጠብታው ካልደረቀበት ኖራው አይጋገርም። አሁንም ቅር ያላችሁ ካላችሁ ደውሉልኝ፣ ራሴ መጥቼ አሳያችኋለሁ።