ሰማንያ አንድ ሲቀነስ ዘጠኝ

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? መድኃኒቱን ሳትረሺ እየዋጥሽ ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሚዛንሽ ነው። የአንድ ኪሎዋ ብረት የጠፋች ጊዜ ትዝ ይልሻል? አንዲት ሴትዮ ሦስት ኪሎ ቡና አለችሽ። አምስት ኪሎውን ብረት በአንዱ ሳህን አስቀመጥሽ። ሁለት ኪሎውን ደግሞ ከቡናው ጋር ጨመርሽው። ሴትዮዋ ልትታለል መስሏት ደነገጠች። «ብረቱን አልሸጥልሽ፣ ምን ያስደነግጥሻል?» አልሻት። እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር። ነገሩ ግን ያኔ አልገባኝም።

ለካ እንዲህ አድርጎ ቁጥር መጻፍም ይቻላል! እኛ ስንጽፍ በአስር እያባዛን ነው፤ አንድ፣ አስር፣ መቶ እያልን። እዚህ ግን የሚባዛው በሦስት ነው፦ 1፣ 3፣ 9፣ 27፣ 81። ከየብረቱ ያለሽ አንድ አንድ ብቻ ነው። ከዕቃው ማዶ ካስቀመጥሽው + ይጻፋል። ከዕቃው ጋር ካደረግሽው −። ካልነካሽው 0። አምስት ኪሎ ለመመዘን 9ን ማዶ፣ 3ን እና 1ን ከዕቃው ጋር ታደርጊያለሽ። ስለዚህ 5 ሲጻፍ +−− ነው። በአራት ብረት ብቻ፣ እስከ 27 ባሉት፣ ከ1 እስከ 40 ኪሎ አንዱም ሳይቀር ትመዝኛለሽ። ለእያንዳንዱ ክብደት ደግሞ አቀማመጡ አንድ ብቻ ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ይሄን ሳውቅ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዕዳ ለመጻፍ እንኳ የተለየ ምልክት አያስፈልግም። +ውን −፣ −ውን + ማድረግ ነው፤ ማለት ሳህን ማቀያየር። ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኒኮላይ ብሩሴንትሶቭ የሚባል ሰው ከባልደረቦቹ ጋር በዚህ አጻጻፍ የሚሠራ ኮምፒውተር ሠርቷል፣ በ1958 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። ስሙን ሴቱን አሉት። ሃምሳ ያህል ተመርቶ ነበር።

ዘንድሮ 72 ሞላሽ አይደል? ጻፍኩት። 81 ማዶ፣ 9 ካንቺ ጋር፣ ሌላው ሁሉ ባዶ፦ +0−00። ሁለት ብረት ብቻ! መጨረሻው ላይ ሁለት ዜሮ ስላለ ለ9 እኩል ይካፈላል። ብረቶቹ ሁሉ ጎዶሎ ቁጥር ናቸው፤ ስለዚህ የተቀመጡት ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ከሆኑ ቁጥሩ ለሁለት ይካፈላል። ሦስት ወይም አምስት ከሆኑ አይካፈልም። አምና 71 ሳለሽ ሦስት ብረት ነበርሽ፣ ለከርሞ 73 ስትሆኚም ሦስት ነው። ዘንድሮ ቀለል ብሎሻል።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ባለ 1፣ ባለ 3፣ ባለ 9 እና ባለ 27 ብረት አስቀርጬ ይዤ ነው የምመጣው፣ አንቺው ትመዝኚበታለሽ። ሚዛኑ ቆጡ ላይ ካለ ግን አታውርጂው፣ ከባድ ነው። እኔ ስመጣ አወርደዋለሁ።

ልጅሽ