ካታሊስቱን ከመቁረጥህ በፊት

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ቤተሰቡስ እንዴት ነው? መልስ ሳልሰጥህ ይህን ያህል መክረሜ ያሳፍራል፤ ሰበብ ደርድሬ አላሰለችህም። ጥያቄህን ግን አልረሳሁትም። ዳገት ላይ የምትለግመው ፎር ዊል መኪናህ ካታሊስቷ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው መርዛማ ጭስ ማጣሪያ) ተቆርጦ ቀጥ ያለ ቧንቧ ቢገባላት ጉልበት ታገኛለች ወይ ብለኸኝ ነበር።

አትቁረጠው። ቢያንስ ሳትለካ አትቁረጠው።

ጤነኛ ካታሊስት የሚበላው ጉልበት ከሚወራው በጣም ያነሰ ነው። ውስጡ እንደ ማር ሰፈፍ የተበሳሳ ሴራሚክ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ካሬ ኢንች 400 ያህል ቀዳዳ አለው፤ ግድግዳው ደግሞ በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተለበጠ ነው። ጭሱ በዚያ ሁሉ ቀዳዳ ሲያልፍ መጠነኛ ግፊት መፈጠሩ አይቀርም። ያ ግፊት የሚሰማው ግን ሞተሩ እስከ ጥግ ተረግጦ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ነው። አንተ ድንጋይ ለድንጋይ ስትወጣ የምትሠራው በደቂቃ ከ1500 እስከ 3000 ዙር ባለው ክልል ነው። እዚያ ላይ ክፍት ቧንቧ የሚጨምርልህ ጩኸት ነው።

መለካቱ ከባድ አይደለም። ከካታሊስቱ በፊት ያለችውን ኦክስጅን ሴንሰር (ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ለኮምፒውተሩ የምትነግረውን) ፍታት፤ ብዙውን ጊዜ በ22 ቁልፍ ትፈታለች። ቧንቧው ለብ ሲል ዝገት ማላቀቂያ ረጭተህ ጥቂት ጠብቅ፤ በጉልበት ከታገልካት ጥርሱን ልጣ ነው የምትወጣው። በቀዳዳዋ እስከ 1 ባር የሚያነብ የግፊት መለኪያ ጌጅ በብረት ቱቦ እሰር፤ የጎማ ቱቦ በቀጥታ ከገባ ይቀልጣል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ከ0.1 ባር በታች፣ በ2500 ዙር ደግሞ ከ0.2 ባር በታች ማንበብ አለበት። ሴንሰሯ ስለተፈታች ቼክ ኢንጂን ቢበራ አትደንግጥ። ንባቡ ካለፈ የሆነ ቦታ ተዘግቷል ማለት ነው። የት እንደሆነ ለማወቅ ጌጁን ወደ ኋለኛው ሴንሰር ቀዳዳ አዛውረህ ድገመው። ፊት ከፍ፣ ኋላ ዝቅ ካለ ካታሊስቱ ነው፤ ሁለቱም ከፍ ካሉ ማርሚታው ወይም ድንጋይ የጨፈለቀው ቧንቧ ነው።

ካታሊስት በራሱ ጊዜ አይዘጋም። አንዲት ካንዴላ ወይም ኮይል ስትስት ያልተቃጠለው ቤንዚን እዚያ ሄዶ ይቃጠላል፤ ሙቀቱ ወደ 1400 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ሴራሚኩ ቀልጦ ቀዳዳው ይደፈናል። ዘይት የሚበላ ሞተርም፣ በተበላሸ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ባለው ማሸጊያ) በኩል የሚገባ የራዲያተር ውኃም ቀስ በቀስ ይለብጡታል። ይህን ሳታስተካክል አዲስ ብትገጥም ገንዘብህን ነው የምታቃጥለው። የገጠር መንገድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ የጋለ ካታሊስት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲጠልቅ ይሰነጠቃል። ሲቀዘቅዝ ጎኑን በቡጢ መታ መታ አድርገው። እንደ ጠጠር ከተንኳኳ ውስጡ ፈርሷል። ስባሪው እየተንከባለለ አፉን ሲዘጋ ጉልበት ይጠፋል፣ ሲንሸራተት ይመለሳል፤ መካኒኮች በስህተት ነዳጅ ፓምፕ የሚቀይሩት በዚህ ጊዜ ነው።

መተካት ካለብህ የብረት እምብርት ያለውን፣ በካሬ ኢንች 200 ቀዳዳ የሆነውን ምረጥ። ንዝረትንና ድንገተኛ ቅዝቃዜን ከሴራሚክ ይበልጥ ይችላል። አንዳንድ መኪና ላይ ፒ0420 የሚለውን ኮድ (ካታሊስቱ በደንብ አያጣራም የሚል የኮምፒውተር ማስጠንቀቂያ) ሊያመጣብህ እንደሚችል ግን እወቅ። ጨርሶ ማውጣቱ በብዙ አገር በመንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና ሕገ ወጥ ነው፤ በዚያ ላይ ጭሱ ወደ ጋቢና ሲገባ ያሳምማል።

ቧንቧን በተመለከተ «ሞተር ግፊት ይወዳል» የሚሉህን አትስማ። ሞተር የሚወደው ፍጥነት ያለው ጭስ ነው። ጭሱ በፍጥነት ሲወጣ የሚቀጥለውን ስቦ ያወጣል፤ ቧንቧው ከመጠን በላይ ሲሰፋ ጭሱ ይዝላል፣ የታችኛው ዙር ጉልበትም አብሮት ይወርዳል። ከ2.5 እስከ 3.5 ሊትር ለሆነ፣ ቱርቦ (በጭስ ኃይል እየዞረ ለሞተሩ አየር የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከ57 እስከ 63 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። 76 ያስገቡልህ ከሆነ የምታተርፈው ድምፁን ነው። ቧንቧው ሲታጠፍም ቅርጹን እንዲይዝ አድርገው፤ ተጨፍልቆ የታጠፈ 63 በመታጠፊያው ላይ ከ57 ሊጠብ ይችላል።

ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ አንሳ። ከፊተኛዋ ሴንሰር በፊት ያለውን መገጣጠሚያ ሁሉ በሳሙና ውኃ ፈትሽ። እዚያ የፀጉር ያህል ቀዳዳ ካለ አየር ይስባል፤ ሴንሰሯ ነዳጅ አነሰ ብላ ታሳብቃለች፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚን ይጨምራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ አዲሱ ካታሊስት ዕድሜ አይኖረውም። የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮውንም መልሰህ እሰረው፤ ደረቅ ሣር ላይ የቆመ መኪና በዚህ ምክንያት ይቃጠላል።

ቱርቦ ያለው ናፍጣ ቢሆን ሌላ ነገር እጽፍልህ ነበር። እዚያ ከቱርቦው ወዲያ መንገዱ በሰፋ ቁጥር ቱርቦው ቶሎ ይነሳል።

አንድ ነገር ግን አልነገርከኝም፤ ጎማ ቀይረሃል? ከ29 ኢንች ወደ 33 ከሄድክ ማርሹ 14 በመቶ ያህል ረዝሟል፣ ዳገቱ ላይ የጠፋብህ ጉልበትም ምናልባት እዚያ ነው ያለው። የጎማውን ቁጥርና ሁለቱን የጌጅ ንባቦች ላክልኝ፤ አሁን ግን ሳልዘገይ በሚቀጥለው ሳምንት እመልስልሃለሁ።

ያንተው ወንድም