ግራን ብሉ ደ ጋስኮኝን ከመውሰድሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ?

ቱሉዝ ላይ ልትወስጂው ያሰብሽው ግራን ብሉ ደ ጋስኮኝ እዚያው አጠገብሽ ከፈረንሳዩ ጋስኮኝ አውራጃ የተገኘ ጥንታዊ አነፍናፊ አዳኝ ውሻ ነው። ድሮ በቡድን ሆኖ ተኩላ ያሳድድ ነበር። ወንዱ ከመሬት እስከ ትከሻው ከ65 እስከ 72 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። «ሰማያዊ» ያሰኘው በነጭ ጠጉሩ ላይ ጥቁር ነቁጥ ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚታይ ነው። ጠባዩ ገራም ነው። ሽታ ከያዘ ግን ብትጣሪው አይሰማሽም፤ እልኸኛ ሆኖ ሳይሆን አፍንጫው ስለሚቀድምበት ነው። ስለዚህ ባልታጠረ ቦታ ከማሰሪያው አትፍቺው። ድምፁም ወፍራም ነው፤ ብቻውን ሲቀር ረጅም ያላዝናል። እኔን ብትጠይቂኝ ለአፓርታማ አይሆንም።

ረጅሙ ጆሮው አየር ስለማያስገባ እርጥበት ይቋጥራል፤ እርሾ የሚባለው ፈንገስ የሚበቅልበትም ለዚህ ነው። በየሳምንቱ ገልጠሽ አሽትቺው። የጆሮ ማጠቢያውን ጨምረሽ ሥሩን ለግማሽ ደቂቃ እሺው፣ ራሱን ያራግፍ፣ ከዚያ የወጣውን በጥጥ ጥረጊ። እንጨት ያለው የጆሮ ጥጥ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋል። በበጋ ደረቅ የሣር እሾህ ጆሮውና ጣቶቹ መሐል ይሰነቀራል፤ ከሽርሽር ስትመለሱ ፈትሺው። በድንገት ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ማራገፍ ከጀመረ ራስሽ አትነካኪው፤ ሐኪም ያውጣለት።

ከወጥ የተረፈ አትስጪው። ሽንኩርት ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳል፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይበሳል።

ከሁሉ የምፈራው ጨጓራውን ነው። ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትልልቅ ውሾች ጨጓራቸው በጋዝ ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል፤ ያኔ መግቢያውም መውጫውም ይታነቃል፣ ደምም ወደ ልብ መመለስ ያቅተዋል። የቀኑን ምግብ ለሁለት ወይም ለሦስት ክፈይው፤ ስስታም በሊታ ከሆነ ቶሎ መዋጥ በማያስችል ባለ ጉብታ ሳህን አቅርቢለት፤ ከበላ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አታሩጪው። ሊያስመልሰው እየታገለው ምንም ካልወጣው፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መተኛት አቅቶት ከተቁነጠነጠ፣ ሆዱም እንደ ከበሮ ከተወጠረ እስኪነጋ አትጠብቂ። ቀዶ ሕክምና ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። በሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ስልክ ውሻው ከመምጣቱ በፊት በር ላይ ለጥፊ።

እናትሽ