ካራማራን ሳትሻገር ይህን አንብብልኝ

አባቴ፣ እንደምን አለህልኝ?

በስልክ ልነግርህ ነበር። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሻንጣ አውርተን ዘጋን። አንተ «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» እያልክ ታመልጠኛለህ፣ እኔም አንደበቴ ይያያዛል። ስለዚህ ጻፍኩት። እህትህ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። አውቶቡስ ላይ ሆነህ እንዳታነበው። ዛሬ ማታ ብቻህን ስትሆን አንብበው።

ቪዲዮውን አይቼዋለሁ።

እህትህ አላሳየችኝም፣ በሷ እንዳትቆጣ። የጎረቤት ልጅ «ልጅሽ እኮ ታዋቂ ሆነ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ያን የሰማያዊ ሸሚዝህን ለብሰህ ሳይህ። ከዚያ «ሱማሌ ሁሉ» ብለህ ጀመርክ። ቀጥሎ ያልከውን ቃል እዚህ አልጽፈውም። ስለ ሶላታቸው የተናገርከውንም አልደግመውም። መጨረሻ ላይ «አጎቴን 11 ዓመት ያሰሩ ናቸው» አልክ፣ ከሥር ሰው ሁሉ ልብ ይልክልሃል። ስልኩን መልሼ ሰጥቼ ገብቼ ተኛሁ። በቀን ተኝቼ አላውቅም፣ ታውቀኛለህ።

በጅምላ አትናገር፣ ልጄ። የምለምንህ ይህን ብቻ ነው። ስለ መንግሥታቸው ተናገር፣ ስለ ያኔው መሪያቸው ስለ ዚያድ ባሬ ተናገር፣ ስለ ባሕር በርም የመሰለህን ተናገር። «ሁሉ» የምትለዋን ቃል ግን ከአፍህ አጥፋት።

ደግሞ ሰኞ የምትሄደው የት እንደሆነ ረሳኸው? ጅግጅጋ ነው። የሱማሌ ክልል ዋና ከተማ። አንተ ሞቃዲሾን የሰደብክ መስሎህ የሰደብከው ነገ ቤት የሚያከራይህን ሰው ነው፣ ያንተኑ መታወቂያ የያዘ ዜጋ ነው። ሐርጌሳ ደግሞ የኛ ልጆች ሞልተዋል፣ በቀን ሥራ፣ በሻይ ቤት፣ በግንበኝነት። አንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ የተናገርከውን የሚከፍለው እዚያ ብቻውን የሚያድረው ልጅ ነው።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። ለአባትህም በደንብ አልነገርኩትም።

ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ ከኛ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖሩ ሱማሌዎች ነበሩ። ባልየው ምድር ባቡር ነው የሚሠራው። ሚስቱን «ኤዶ» ነበር የምንላት፣ በነሱ አክስት እንደማለት ነው። በየጠዋቱ በራችን ላይ ቆማ «መ ነበድ ባ?» ትላለች፣ ሰላም ነው ወይ ማለቷ ነው። እናቴ «ነበድ፣ ነበድ» ትላታለች። ሱማሊኛዋ ያችው ብቻ ነበረች። ኤዶ አንድ ሴት ልጅ ነበረቻት፣ የኔው እኩያ። ልጅቷ በጠና ታማ ሳለ እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ስትሳልላት ኤዶ አጠገቧ ቆማ «አሚን» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኢድ ሲሆን እኔ እጄን ሂና እቀባለሁ፣ ጥምቀት ሲሆን እሷ ከኔ ጋር ታቦት ልትሸኝ ትወጣለች።

እኔና ልጅቷ ምልክት ነበረን። የኔ መኝታና የሷ መኝታ የሚገናኙት በአንድ ግድግዳ ነው። ሦስት ጊዜ ማንኳኳት «ውጪ፣ እንጫወት» ነው። ሁለት ጊዜ መመለስ «መጣሁ» ነው።

በሐምሌ 1969 የዚያድ ባሬ ጦር ገባ። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ በር ደረሰ፣ መድፉ ሲያጓራ አልጋ ሥር ገብተን አድረናል። ከተማዋ አልተያዘችም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጋሼ፣ ያ አጎትህ፣ ያኔ ጅግጅጋ አካባቢ ነበር። መስከረም 1970 ጅግጅጋ ስትያዝ ወሬው ጠፋ። ሞተ የሚልም፣ ተማረከ የሚልም አልነበረም። ዝም ብሎ ጠፋ። እናቴ የዚያን ቀን በመካከላችን ያለችውን ትንሿን በር በሽቦ አሰረቻት።

ከዚያ ቦኖ ላይ ነው። ውሃ ልንቀዳ ተሰልፈናል። ኤዶ ልጇን ይዛ መጣች። አንድ ልጅ ያንን ቃል ወረወረባቸው፣ አንተ ቪዲዮው ላይ ያልከውን ቃል፣ ራሱን። ሌላው ተቀበለ። ሌላውም። ሁሉም ሲል እኔም አልኩ። የ12 ዓመት ልጅ ነኝ፣ ወንድሜ የጠፋብኝ። ይህን ለማስተባበያ አልነግርህም። ልጅቷ ዞራ አየችኝ። የያዘችው ቢጫ ጀሪካን ነበር፣ እጀታው ተሰብሮ በገመድ የታሰረ፣ ገመዱን እኔ ነኝ ያሰርኩላት። ምንም አልተናገረችም፣ ባዶውን ይዛው ተመለሰች።

የዚያን ማታ ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። አልመለስኩም። በማግስቱም ተንኳኳ። ጆሮዬን ይዤ ተኛሁ። ለአንድ ሳምንት ያህል በየማታው አንኳኳች። ከዚያ አንድ ቀን ዝም አለ። ጠዋት ቤታቸው ባዶ ነበር። የት እንደሄዱ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰው «ጅቡቲ» አለ፣ ሰው «ጅግጅጋ» አለ። እኔ አሁን የ60 ዓመት ሴት ነኝ፣ ሌሊት ጎረቤት ምስማር ሲመታ እንኳ ብድግ ብዬ እቀመጣለሁ። አባትህ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «ምንም» እለዋለሁ።

እና በጅምላ አትናገር የምልህ ለዚህ ነው። እኔ ቦኖው ላይ የጮህኩት ዚያድ ባሬ ጋ አልደረሰም። የደረሰው እሷ ጋ ነው።

መድኃኒትህን ይዘሃል? ያን የአስም መርጫህን ሻንጣ ውስጥ አትክተተው፣ በኪስህ ያዝ። አቧራ አለው መንገዱ። ጋቢም ያዝ፣ ጅግጅጋ በረሃ መስሎህ እንዳትታለል፣ ማታ ነፋሱ አጥንት ይገባል።

ስለ አጎትህ ደግሞ። ስሙን ካነሳህ አይቀር ሙሉውን አንሳ።

ካራማራ የተለቀቀው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው፣ በየዓመቱ ስታከብረው አያለሁ፣ ደግ አደረግህ፣ የሞቱት ይከበሩ። ጋሼ ግን ያኔ ሱማሌ እስር ቤት ነበር፣ እዚያም 11 ዓመት ቆየ። በመጋቢት 1980 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ተስማሙ፣ ምርኮኛ እንለዋወጥ፣ አንዳችን ያንዳችንን ተቃዋሚ አንርዳ ብለው። ከ3 ሺህ በላይ ምርኮኛ በቀይ መስቀል በኩል ተመለሰ፣ ጋሼም ከነሱ አንዱ ነው። ሲገባ እናቴ አላወቀችውም። ጥርሱ ረግፎ፣ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ፣ ሱማሊኛ እንደ ውሃ ይናገራል።

ያው ስምምነት በሌላ በኩል ምን እንዳመጣ ታውቃለህ? ኢትዮጵያ ውስጥ የነበሩት የዚያድ ባሬ ተቃዋሚዎች መጠጊያ ሲያጡ ወደ ሰሜን ሱማሌ ገቡ። ዚያድ ባሬ ሐርጌሳን በአውሮፕላን ደበደባት፣ የገዛ ከተማውን፣ አውሮፕላኖቹ ከዚያችው ከተማ አየር ማረፊያ እየተነሡ። ከነዚያ ሚጎች አንዱ ዛሬ ሐርጌሳ መሐል ላይ ለመታሰቢያ ቆሟል። ሕዝቡ የሸሸው ወዴት ነው? ወደ እኛ። ከ10 ዓመት በፊት የዚያድ ባሬ ጦር ሊይዛት ወደ መጣባት አገር፣ ልጅ አዝለው፣ በእግር። ሐርትሼክ የሚባል ሜዳ ላይ ሰፈሩ፣ በዓለም ላይ ከነበሩት ትልልቅ ካምፖች አንዱ እሱ ነበር። ውሃ የለውም፣ ውሃው በቦቴ ነው የሚመላለሰው።

ጋሼ ከመጣ ዓመት ሳይሞላው የውሃ ቦቴ ሹፌር ሆነ። ለሐርትሼክ። እናቴ አለቀሰች፣ «አሰሩህ፣ አንተ ደግሞ ውሃ ልታጠጣቸው?» አለችው። እሱ ብዙ ማውራት አይወድም። «እማ፣ ቋንቋውን የምችለው እኔ ነኝ» ብሏት ወጣ።

አንዴ የነገረኝን ልንገርህ። ቧንቧውን ሲከፍት ሰልፉ ተበጠበጠና በሱማሊኛ «ተራ ያዙ» ብሎ ጮኸ። አንድ ሽማግሌ «የት ተማርከው?» አለው። «አገራችሁ» አለው። «ነጋዴ ነበርክ?» «ምርኮኛ ነበርኩ።» «ስንት ጊዜ?» «11 ዓመት።» ሽማግሌው ጀሪካኑን መሬት ላይ አኖረና በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ የጋሼን እጅ ይዞ ገልብጦ መዳፉን አየው። ለምን እንዳየው ጋሼም አላወቀም። ምንም ሳይለው ጀሪካኑን ሞልቶ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቦቴው በደረሰ ቁጥር ሰልፉን የሚያስይዘው ያ ሽማግሌ ነበር፣ ጋሼ አንድም ቀን መጮህ አላስፈለገውም።

አንተ «አጎቴን ያሰሩ» ስትል ጋሼ ነፍሱን ይማረውና መቃብሩ ውስጥ ተገላብጧል። በስሙ እንዲህ ሲባል አይወድም። እሱ ያሰሩትን ያውቃቸው ነበር፣ በስም፣ በመልክ፣ ክፉውን ከደጉ ለይቶ። በጅምላ ተናግሮ አያውቅም።

ግራኝንም አነሳህ። እኔ በቁልቢ የምምል ሴት ነኝ፣ የተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን እውነት ነው፣ አልክድህም። ግን ሽምብራ ኩሬ 1521 ነው፣ ወይና ደጋ ላይ የተገደለው በ1535 ነው። እነሱ ሞቃዲሾ ላይ ሐውልት አቁመውለት «አህመድ ጉሬይ» ይሉታል። ጉሬይም ግራኝም ትርጉሙ ያው ነው፣ ግራ እጁን የሚያዘወትር። አንድ ሰውዬ፣ አንድ ቅጽል፣ በሁለት ቋንቋ፣ ወደ 500 ዓመት ሊሆነው ነው፣ አሁንም ልጆቻችን በሱ ይሰዳደባሉ። እሱን ስታነሳ ለምን ነጃሺን አታነሳም? የነቢዩን ተከታዮች ከመካ ሲሳደዱ ተቀብሎ አሳልፌ አልሰጥም ያለው የኛ ክርስቲያን ንጉሥ ነው። ሱማሌ ቤት ስትገባ ይህን ታሪክ ከአንተ በላይ ያውቁታል፣ በፍቅር ነው የሚነግሩህ።

የኛንም አንርሳ። በታኅሣሥ 1999 ጦራችን ሞቃዲሾ ገባ፣ በጥር 2001 ወጣ። አንተ ልጅ ነበርክ፣ በቴሌቪዥን ስታይ ታጨበጭብ ነበር፣ እኔም ዝም አልኩህ። ያኔ ዝም ባልልህ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። በዚያ ከተማ ቤቷ በመድፍ የፈረሰባት እናት አለች። ልጇን አስቀምጣ «ሐበሻ ሁሉ» ብላ ብታሳድገው አንተ ምን ትላለህ? አንተን አያውቅህም እኮ። ሸሚዝህን አያውቅም፣ አስምህን አያውቅም።

ታኅሣሥ 2016 ከሶማሊላንድ ጋር የባሕር በሩ ሰነድ ሲፈረም አገር ለአገር ስድብ ሆነ። ዓመት ሊሞላው ሲል የኛና የሱማሌ መሪዎች አንካራ ላይ ተጨባበጡ፣ በቴሌቪዥን አየናቸው፣ ይሣሣቁ ነበር። እነሱ ታረቁ፣ ያንተ ቪዲዮ ግን እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ትላልቆቹ መታረቅ ይችሉበታል፣ ልጄ። ግድግዳ ለግድግዳ ያለው ሰው ነው የሚቸግረው።

እሺ፣ አሁን ሥራ። ከሐረር በጠዋት ተነሣ፣ መኪና ሳይሞላ። ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ግዛ፣ ሁለት ከረጢት፣ አንዱ ለአከራይህ ነው፣ ባዶ እጅህን እንዳትገባ። ጫማህን በር ላይ አውልቅ። ሴት ከሆነች እጅህን ቀድመህ አትዘርጋ፣ እሷ ከዘረጋች ጨብጥ። ሶላት ላይ ያለ ሰው ፊት አትለፍ። ጠዋት «መ ነበድ ባ?» በል። የሚመልሱልህን ካልገባህ «ነበድ» በል፣ ይበቃል፣ አያትህ በእሷ 10 ዓመት ኖራበታለች። ከዚያ ቋንቋውን ተማር፣ በደንብ ተማር፣ የጉድጓድ ፓምፕ የሚተክል ሰው ውሃውን ከሚጠጣው ጋር ማውራት አለበት። ሥራህ ውሃ መሆኑን የነገርከኝ ቀን ጋሼ ትዝ ብሎኝ ነው ስልኩን የዘጋሁት እንጂ ተቆጥቼ አልነበረም።

የተቆጣሁትማ አሁን ነው። ተቆጥቻለሁ፣ እወድሃለሁም፣ ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው።

ከካራማራ ላይ ስትደርስ መኪናው ከቆመ ውረድና ለሞቱት ጸልይ። ለሁለቱም ወገን። ፎቶ አንስተህ ፉከራ አትለጥፍ።

አንድ አደራ አለኝ፣ ሞኝነት ነው አትበለኝ። ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ የኔን ዕድሜ የምታህል፣ አማርኛዋ የድሬ የሆነ ሴት ካገኘህ፣ ልጅ ሆና ከድሬዳዋ ወጥታ እንደሆነ ጠይቅልኝ። አባቷ ምድር ባቡር ይሠራ እንደሆነ ጠይቅልኝ። አዎ ካለችህ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ አንኳኳላት። ሌላ ምንም አትበላት፣ ካወቀችው ታውቀዋለች።

ቪዲዮውን ዛሬ ማታ አጥፋ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ። ጠዋት እህትህ ስልኳን ከፍታ ታሳየኛለች።

እናትህ