የብሬይል ሙዚቃን ወደ ታተመ ኖታ የሚቀይረው ፕሮግራማችን ሥራው እንዳይቋረጥ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለፕሮጀክቱ አባላት፣ ተጠቃሚዎችና ወዳጆች በሙሉ፦

ባለፈው ጥሪያችን ከተፈለገው ገንዘብ ግማሹ እንኳ ሳይሞላ፣ የፍተሻ ሥራው የሚካሄድበት ሰርቨር ዲስኩ ተበላሽቶ መቆሙን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የምንጭ ኮዱ ቅጂ በየሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ስላለ አንዲት መስመር አልጠፋችም። የጠፉት ዓይነ ስውራን ሙዚቀኞች በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ዓይናማ ባልደረባ ከሚያነብላቸው ኖታ ጋር እያመሳከሩ ያረሟቸው የመፈተሻ ገጾች ናቸው። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቦታ አለማስቀመጣችን የኮሚቴው ጥፋት ነው፤ ይህን ሳንሸፋፍን እንናገራለን።

«ኮዱ ካለ ምን ቸገረ?» የሚል ጥያቄ ደርሶናል። መልሱ ያለው በብሬይል ሙዚቃ አጻጻፍ ላይ ነው። ራሱ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ሉዊ ብሬይል እ.ኤ.አ. በ1829 ባሳተመው መጽሐፍ ነጥቦቹን ለቃላት ብቻ ሳይሆን ለሙዚቃም አስቦ ነበር። ይሁንና ስድስት ነጥቦች የሚሰጡት 63 ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ምልክት ለሁለት ነገር መዋል ግድ ሆነ። ዛሬ በምንጠቀምበት አጻጻፍ ላይኛዎቹ አራት ነጥቦች የኖታውን ስም፣ ታችኛዎቹ 3ኛውና 6ኛው ደግሞ ርዝመቱን ያመለክታሉ። ነጥብ 1፣ 4 እና 5 «ዶ» ነው፤ 3 እና 6 ሲጨመሩበት ሙሉ ኖታ ይሆናል፣ ወይም ደግሞ አሥራ ስድስተኛ ኖታ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በባሩ (ሙዚቃው በምት በሚከፋፈልበት አንዱ ክፍል) ውስጥ ያለውን ሁሉ መደመር ያስፈልጋል። በዚያ ላይ አሥራ ስድስተኛ ኖታዎች በቡድን ሲጻፉ የመጀመሪያው ብቻ የራሱን መልክ ይይዝና ተከታዮቹ እንደ ስምንተኛ ኖታ ይጻፋሉ። የለመደ ጣት ይህን ሳያስበው ያልፈዋል፤ ፕሮግራም ግን በእያንዳንዱ ባር ላይ ሒሳብ መሥራት አለበት። ኖታው በየትኛው የድምፅ ከፍታ እርከን እንዳለ የሚነግረው የኦክታቭ ምልክት ከተሳተ ደግሞ እስከሚቀጥለው ምልክት ድረስ ያለው ዜማ ሁሉ ከቦታው ይወጣል ወይም ይወርዳል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ኖታው ንጹሕ መስሎ ይታተማል። እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚያጋልጠው ያ የጠፋው የተራረመ ገጽ ነበር።

የተሠራውን ማስታወስ መኩራራት አይሁንብን። ፕሮግራሙ ነጠላ ዜማን ወደ ሚዩዚክ ኤክስ ኤም ኤል (የኖታ ፕሮግራሞች ወደሚለዋወጡት የፋይል ዓይነት) በአስተማማኝ ሁኔታ ይቀይራል። የፒያኖ አኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) በቀኝ እጅ ከላይኛው ኖታ ወደ ታች፣ በግራ እጅ ከታችኛው ወደ ላይ መቆጠሩ ብዙ ወራት ቢወስድብንም እርሱንም ተወጥተነዋል። አንዲት ተማሪ የራሷን ድርሰት ለመምህሯ ለማሳየት ጓደኛዋን አጠገቧ አስቀምጣ «አራተኛ ኦክታቭ፣ ሶል፣ ሩብ» እያለች ኖታ በኖታ ታጽፍ ነበር። በፕሮግራማችን ያተመችውን ገጽ ስትሰጠው መምህሯ ያለ አስተርጓሚ አንብቦ ሁለተኛው ባር ላይ እርማት አደረገላት፤ እርማቱ አበሳጭቷት እንደነበር ስትነግረን ከልባችን ደስ አለን። ከታተመ ኖታ ወደ ብሬይል የሚቀይሩ ፕሮግራሞች ይበልጥ የታወቁ ናቸው፤ ዓይነ ስውሩ የጻፈውን ዓይናማው እንዲያነብ የሚያደርገው የመልስ መንገድ ግን ጥቂት ሠራተኛ ብቻ ያለው ነው።

ስለ ወጪው የተነሣውን ቅሬታ እናውቃለን። የኮምፒውተሩን ጽሑፍ ብቅ በሚሉ ነጥቦች ለጣት የሚያቀርብ ባለ 40 ሕዋስ የብሬይል ማሳያ የገዛነው ለቅንጦት አልነበረም፤ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነጥቦቹን እንደ ፊደል ስለሚጠራቸው ለኖታ እርማት አይመችም። ለአራሚዎች መክፈላችንም ትክክል ነበር ብለን አሁንም እናምናለን። ሶፍትዌሩ ለሁሉም በነፃ ይሰጣል ማለት ዓይነ ስውሩ ባለሙያ በነፃ ይድከም ማለት አይደለም።

አሁን የሚያስፈልገን ገጾቹን እንደገና ለሚያርሙት የሚከፈል ገንዘብና በተለያየ ቦታ የሚቀመጡ ሁለት የመጠባበቂያ ዲስኮች ናቸው። የሃምሳ ሎሚውን ምሳሌ በየጥሪያችን ስለተናገርነው ዘንድሮ አንደግመውም። ይሁን እንጂ ሰዎች በእጃቸው የጻፉትን የብሬይል ወረቀት አምነው ሰጥተውናል፤ ወረቀቱም በተነካ ቁጥር ነጥቡ እየተደፈጠጠ ይሄዳል። በየትኛውም እምነት አደራ መብላት ነውር ነው፤ አደራውም የኮሚቴው ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነው።

ድጋፋችሁን በዚህ ደብዳቤ ራስጌ በተጻፈው የኮሚቴው ሒሳብ ቁጥር ብቻ እንድታስገቡ፣ በምክንያት መስመሩም ላይ «ብሬይል ኖታ» ብላችሁ እንድትጽፉ በትሕትና እንጠይቃለን። በኮሚቴ አባላት የግል ሒሳብ የሚገባ ገንዘብ አንቀበልም። ባለፈው ዙር ምክንያት ሳይጻፍበት የገባ ገንዘብ የማን እንደሆነ ለማጣራት ሒሳብ ያዣችን ብዙ ደክማለች፤ ስለዚህ ደግመን እናሳስባለን፦ ራስጌው ላይ ያለው ሒሳብ ቁጥር፣ ምክንያቱ «ብሬይል ኖታ»፤ ደረሰኙንም እስክናረጋግጥላችሁ ድረስ አትጣሉት።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ኮሚቴ