ደብዳቤ ለልጄ፦ ክርንሽን ለመርፌ አትስጪ

ውድ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንድምሽ ፈተና ላይ ነው፤ አባትሽም ጉልበቱን ከማማረር በቀር ምንም አልሆነ። ክርንሽን እንዳመመሽ አክስትሽ ናት የነገረችኝ። «ብርድ መትቷት ነው፤ ለጥምቀት ስትመጣ ወጌሻ ጋ ወስደን እናሳሻታለን» ብላ ጨርሳዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ክንድና ጉልበት ስታክም ኖራ ጡረታ የወጣች ፊዚዮቴራፒስት እናት እያለችሽ ከእሷ መስማቴ ገረመኝ። ይሁን፣ እንዳላስብ ብለሽ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። የማላልፈው መርፌውን ነው። «በሚቀጥለው ቀጠሮ እወጋሻለሁ» ተብለሻል አሉ። በስልክ ብነግርሽ «እሺ እማዬ» ብለሽ ስለምትዘጊው ደጋግመሽ እንድታነቢው ጻፍኩልሽ።

መጀመሪያ ሕመሙን እንለየው። በክርንሽ በውጭ በኩል ያለችውን የአጥንት ጉብታ በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊያት። ከዚያ መዳፍሽን ወደ ታች አድርገሽ አንድ ወንበር መደገፊያውን ይዘሽ ለማንሳት ሞክሪ። ቀጥሎ ክንድሽን ዘርጊና የመሃል ጣትሽን ወደ ላይ ወጥሪ፤ ጓደኛሽ ጣቷን አድርጋ ወደ ታች ትጫንሽ። ሦስቱም እዚያችው ቦታ ላይ ከወጉሽ የቴኒስ ክርን የሚሉት ነው። አንቺ ራኬት ጨብጠሽ አታውቂም፤ እኔም ካከምኳቸው ውስጥ ቴኒስ ተጫዋች ትዝ አይለኝም። ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ሲያጥቡ ሲጨምቁ የሚውሉ ሴቶች ነበሩ። ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1873 ይህን ሕመም ሲጽፍ እንኳ ያያያዘው ብዕር ይዞ ከመዋል ጋር ነው። ከ100 ጎልማሶች ከ1 እስከ 3 የሚሆኑትን ይይዛል፤ በብዛትም ከ35 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ። አንቺ እዚያው መሃል ላይ ነሽ።

የእጅሽን አንጓ ወደ ኋላ የሚያጥፉት ጡንቻዎች በጅማት የሚያያዙት እዚያች ጉብታ ላይ ነው። ፎኑን በአንድ እጅ፣ ክብ ብሩሹን በሌላው ይዘሽ ፀጉር ስትስቢ አንጓሽ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ ጣቶችሽ ጨብጠው፣ ክንድሽ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ጤነኛ ጅማት አንቺ እንደምትሠሪው ጠበቅ ያለ ሹሩባ ነው፤ ክሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። የአንቺ አሁን ላልቷል፣ ክሩ ተዘበራርቋል፤ ሰውነትሽ ሊጠግነው ይሞክራል፣ ሥራሽ ደግሞ ሳያልቅ ይጎትተዋል። እንደ ቁስል የተቆጣ ነገር ብዙም ስለሌለው ነው እንክብል ብቻውን የማያድነው። አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ሕመሙን ያስታግስልሻል፤ ግን ጨጓራሽን ታውቂዋለሽ፣ በባዶ ሆድሽ እንዳትሞክሪው። ከዚያ ይልቅ የዲክሎፌናክ ቅባት ይሻልሻል፤ እናንተ ጋ አሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን አትለፊ፤ ከእንክብሉ ጋርም አትደርቢው።

አሁን ወደ መርፌው። ሊወጉሽ ያሰቡት ስቴሮይድ የሚሉትን፣ ቁጣን የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት ነው። የስቴሮይድ መርፌ አታላይ ነው። በሳምንት ውስጥ ሕመሙ ጥፍት ይላል፤ አንቺም ተመርቀሽ እንደተላክሽ ሁሉ ደንበኛ በደንበኛ ላይ ትደራርቢያለሽ። አውስትራሊያ ውስጥ ብሪስቤን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አለ፤ 165 በሽተኞች ነበሩበት። ገሚሱ ስቴሮይድ፣ ገሚሱ ተራ የጨው ውሃ ተወጋ። በአንደኛው ወር ስቴሮይድ የተወጉት ተሽሏቸው ነበር። ዓመት ሲሞላ ግን ከእነሱ ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው ከ100 54 ሆኑ፤ የጨው ውሃ ከተወጉት 12 ብቻ። ልብ በይ፣ ውሃው አሸነፈ! እኔም በሥራ ዘመኔ ሁለተኛ ሦስተኛ መርፌ ተወግተው ብርጭቆ ማንሳት አቅቷቸው የመጡ ሰዎች አይቻለሁ። ሐኪሙ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሕመምተኛ ዛሬውኑ እንዲሻለው ይፈልጋል፣ እሱም የሚሰጠው ነገር ይፈልጋል። አንቺ ግን በትሕትና «አመሰግናለሁ፣ መጀመሪያ ስፖርቱን ልሞክር» በዪው። የራስሽን ደም ቀድተው አጣርተው መልሰው የሚወጉትንም ቢያነሱብሽ ብርሽን ያዢ፤ ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲመዘኑ ያን ያህል ጥቅም አልተገኘለትም።

ወጌሻን በተመለከተ አክስትሽን አትስሚያት። ወጌሻን አልንቅም፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ አይቻለሁ። ይህ ግን የወለቀም የተሰበረም ነገር የለውም። በቅቤ እያሹ ሲጎትቱት የላላውን ጅማት ይብስ ያቆጡታል። ዋገምትም እንዲሁ ይቅር።

ሥራ አቁሚ አልልሽም። ወንበር ተከራይተሽ እንደምትሠሪ፣ ያልሠራሽበት ቀን እንደማይከፈልሽ አውቃለሁ። ደግሞ ክንድን አስሮ ማስቀመጥ ጅማቱን ያሰንፈዋል እንጂ አይጠቅመውም። ግን አሠራርሽን ቀይሪ። የደንበኛዋን ወንበር ዝቅ አድርጊው፤ ብዙ ጊዜ ከፍ አድርገሽ ነው የምትሠሪው፣ በላክሽልኝ ፎቶ ሁሉ ክርንሽ ከትከሻሽ እኩል ነው። ክርንሽን ከጎንሽ አጠጊ፣ አንቺ በወንበሩ ዙሪያ ዙሪ። ፎኑንና ብሩሹን እጅ እያፈራረቅሽ ያዢ፤ መጀመሪያ ያስጠላል፣ ኋላ ይለመዳል። የብሩሽሽ እጀታ ቀጭን ከሆነ ስፖንጅ ጠምጥሚበት፣ ጭብጥሽ ይላላል። ሦስት ሹሩባ በተከታታይ አትያዢ፤ በመካከል የፔስትራ ወይም የቀለም ሥራ አስገቢ። ቤት ደግሞ ዕቃ ስታነሺ መዳፍሽ ወደ ላይ ይሁን፤ የገበያ ፌስታሉን በክንድሽ አንጠልጥዪው፤ ጀበናውን በሁለት እጅ ቅጂ። ክንድ ላይ የሚታሰረውን ቀበቶ ገዝተሽ ከሆነ ከጉብታው ሁለት ጣት ያህል ወረድ አድርገሽ ጡንቻው ላይ እሰሪው። ብዙ ሰው ጉብታው ላይ ያስረውና አልጠቀመኝም ይላል። ማታ ፍቺው።

ዋናው መድኃኒት ስፖርቱ ነው። ክንድሽን ጠረጴዛ ላይ አሳርፊ፣ መዳፍሽ ወደ ታች፣ አንጓሽ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጣ ብሎ። በግራ እጅሽ የቀኝሽን ጀርባ ወደ ታች ጫኚ፣ ቀኝሽ ደግሞ እምቢ ይበል፤ እጅሽ ግን ንቅንቅ አይበል። ከ30 እስከ 45 ሴኮንድ ያዢና ልቀቂ፣ 5 ጊዜ። ይህ ብቻ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ በየቀኑ። ሲለምድሽ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ እንደሞላ ያዢ። በግራ እጅሽ እያገዝሽ ወደ ላይ አንሺው፣ ከዚያ ግራሽን ልቀቂና በቀኝሽ ብቻ እስከ 4 እየቆጠርሽ ቀስ አድርገሽ አውርጂው። የሚያድነው አወራረዱ ነው፤ ማንሳቱ ላይ አትጨነቂ። 10 ጊዜ፣ አረፍ ብለሽ ደግሞ 10፣ ደግሞ 10፤ በየሁለት ቀኑ ይበቃል። ውሃው ሲቀልልሽ አሸዋ ሙይበት። ቀጥሎ መዶሻ ከእጀታው ጫፍ ይዘሽ ግራና ቀኝ እያዞርሽ፤ መዶሻ ከሌለሽ ዘነዘናም ይሆናል። በመጨረሻ ፎጣ ጠምዝዘሽ ቀስ ብሎ መፍታት።

ስትሠሪ ትንሽ ያምሻል፣ አትደንግጪ። ሕመሙን ከ10 ብትሰጪው እስከ 3 ወይም 4 ድረስ ምንም አይደለም። ፍርዱን የሚሰጥሽ የነገው ጠዋት ነው፦ ከትናንቱ ብሶ ካደረ ክብደቱን ቀንሺ፣ እንደነበረ ካደረ ቀጥዪ። ለውጥ የምታዪው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ነው። ሙሉ በሙሉ ለመዳን እስከ ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በዚያ ጊዜ ውስጥ ይድናል። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ ገና ምንም ያልተነካካ ይመስላል። ያኔ መርፌው ይናፍቅሻል፤ ያኔ ይህን ወረቀት አውጥተሽ አንብቢ።

ሐኪም ጋ ፈጥነሽ የምትሄጂው ትንሿ ጣትሽና ጎረቤቷ ከደነዘዙ፣ አንገትሽ ጭምር አሞሽ እስከ እጅሽ ከወረደ፣ ክርንሽ አብጦ ቀልቶ ካተኮሰሽ፣ ወይም አልዘረጋ አልታጠፍ ካለ ነው። ይህ ሌላ ሕመም ነውና ስፖርት አትሞክሪበት። ከዚያ ውጪ ሜሪላንድ ላይ ያለ ሐኪም ማዘዣ ፊዚዮቴራፒስት ጋ በቀጥታ መግባት ይቻላል፤ ኢንሹራንስሽ ካልጠየቀሽ በቀር። ሁለት ሦስቴ ብትታዪ ይበቃል፤ አያያዝሽን ያርሙልሻል። አልትራሳውንድ (በድምፅ ሞገድ ማከሚያውን) ብቻ እያደረጉ በሳምንት ሦስቴ ነይ ካሉሽ ግን ሌላ ቦታ ፈልጊ።

ለዚህም ብር ያስፈልጋልና የዚህን ወር አትላኪ። እንደምትከራከሪኝ ስለማውቅ አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ዕቁቡ ወጥቶልኛል፣ የወንድምሽን የትምህርት ቤት ክፍያ ከፍያለሁ፣ የአባትሽ መድኃኒትም ተገዝቷል። ከተረፈው ለራሴ ነጠላ ገዝቻለሁ፣ ያንንም ለአክስትሽ እንዳትነግሪያት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቪዲዮ ደውዪልኝ። ጠረጴዛና ሃይላንድ አዘጋጂና ሥሪልኝ፣ አወራረድሽን አያለሁ። ከ4 በታች ከቆጠርሽ አስደግምሻለሁ።

እናትሽ